የወጣቶች ልብ ወለድና የወር ንባቤ፦ ከባሕር ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ንባቤ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እየሄድኩ መልሻለሁ።

የወጣቶች ልብ ወለድ የምትይው ምን ዓይነቱን ነው?

ዋና ገፀ ባሕሪው በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለበትን፣ ዓለምንም በዚያ ልጅ ዓይን የምናይበትን ልብ ወለድ ነው። ብዙ ጊዜ ልጁ ወይም ልጅቷ ራሳቸው «እኔ» እያሉ ይተርካሉ። የመጀመሪያ ፍቅር፣ ከወላጅ ጋር መጋጨት፣ ከጓደኛ መለያየት፣ «ሳድግ ምን ዓይነት ሰው ነው የምሆነው?» የሚለው ጭንቀት፣ እነዚህ ናቸው ታሪኩን የሚያስኬዱት። አሜሪካ ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ አንባቢዎች ብለው ለይተው ያስቀምጡታል።

የዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ታሪክ ሲነሳ እ.ኤ.አ. በ1967 የታተመው የኤስ. ኢ. ሂንተን «ዘ አውትሳይደርስ» አይቀርም። ሂንተን መጻፍ ስትጀምር ገና 15 ዓመቷ ነበር። እኛ አገር መጽሐፍ መደብሮች ለዚህ የተለየ መደርደሪያ የላቸውም። ወጣት ባለታሪክ ያላቸው የአማርኛ መጻሕፍት ግን አሉን፤ ሌላው መደርደሪያ ውስጥ ተቀላቅለው ነው የሚገኙት።

በወር ስንት መጽሐፍ ታነቢያለሽ?

አብዛኛውን ጊዜ ሁለት፣ ሲመቸኝ ሦስት። አንዱ የአማርኛ ነው፣ አንዱ የእንግሊዝኛ። ሦስተኛ ካለ ድሮ የወደድኩትን መልሼ አነባለሁ። የአማርኛው ሁልጊዜ ይቀድማል። ይህን ነገር በጣም አጥብቄ ነው የምይዘው። እንግሊዝኛውን ካስቀደምኩ አማርኛው «ለሚቀጥለው ወር» እየተባለ ሲንከባለል ይከርማል።

ቁጥሩ አያስጨንቃችሁ። በቀን 20 ገጽ ብቻ ብታነቡ በወር 600 ገጽ ይሆናል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ራሱ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ያም በዚህ ሂሳብ በአንድ ወር ያልቃል ማለት ነው። ብዙ ሰው ውፍረቱን አይቶ የሚፈራው መጽሐፍ እኮ ነው!

የወሩን መጽሐፍ በምን ትመርጫለሽ?

በወሩ ጠባይ። መስከረም ላይ ደብተርና ዩኒፎርም ሲገዛ ሁሉም ሰው ይጣደፋል፤ ስለዚህ ቶሎ የሚያልቅና ቶሎ የሚይዝ መጽሐፍ እመርጣለሁ። ጥቅምትና ኅዳር ረጋ ያሉ ናቸው፣ አዲስ ደራሲ የምሞክረው ያኔ ነው። ጥር ላይ ጥምቀትም አለ፣ እንግዳም ይበዛል። በዚያ ላይ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና የሚደርስባቸው አሉ። አጫጭር ልብ ወለዶች ይበቃሉ። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከተማው ፀጥ ስለሚል የሚያሳስቡ፣ ከበድ ያሉ ታሪኮች ይመቹኛል። ሰኔ ላይ ተማሪ ከሆናችሁ ምንም አዲስ ነገር አትጀምሩ። መሃል ላይ የተተወ ልብ ወለድ ለፈተናውም ለመጽሐፉም አይሆንም።

ሐምሌና ነሐሴ የኔ ወሮች ናቸው። የባሕር ዳር ዝናብ ሲጀምር ወጥቶ መዞር የለም። ወፍራም ወፍራሙን መጽሐፍ ለክረምት ነው የማስቀምጠው። መብራት ስለሚጠፋ በቻርጅ የሚሠራ አነስተኛ መብራት ብትገዙ ጥሩ ነው፤ በስልክ ባትሪ ማንበብ ዓይንም ያደክማል፣ ስልኩንም ይጨርሳል።

ጳጉሜን አትርሱ። 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን ናት። አንድ ቀጭን መጽሐፍ በትክክል ይገባባታል። የዓመቱን የመጨረሻ መጽሐፍ አንብቦ በአዲስ መጽሐፍ እንቁጣጣሽን መቀበል በጣም ደስ ይላል።

የት ቁጭ ብለሽ ታነቢያለሽ?

ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ ቤት። ጣና ጠዋት ላይ ፀጥ ይላል። ከሰዓት ነፋሱ ይነሳና ገጹን እየገለበጠ ያስቸግራል። ሲመሽ ደግሞ ቢምቢው አያስቀምጥም። አንድ ማኪያቶ አዝዞ ረጅም ሰዓት መቀመጥ የሚያሳፍራችሁ ከሆነ የዘንባባዎቹ ጥላ ነፃ ነው። ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሄዱም መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ሁለት ምዕራፍ ይነበባል። መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሉት፤ ውኃው ይረጫል።

ባሕር ዳር ውስጥ መጽሐፍ ከየት ይገኛል?

ከመደብር፣ ከአዟሪ፣ ከኪራይና ከጓደኛ። አዲስ የወጣ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ሊቆይ ስለሚችል ባለ መደብሩን ቀድማችሁ አናግሩ። ስልክ ትታችሁ ከሄዳችሁ ሲመጣ ይደውላሉ። መሬት ላይ ዘርግተው አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ልጆች ጋር ደግሞ ትዕግሥት ላለው ሰው ጥሩ ጥሩ ነገር ይወጣል። የተማሪዎች ንባብ የነበሩ፣ ውስጣቸው በእርሳስ የተጻፈባቸው የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ያገኘሁት ከነሱ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን አገላብጡ። ገጽ የጎደለው ወይም በደበዘዘ ፎቶ ኮፒ የተባዛ ይኖራል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በሆኑት ፔዳ ወይም ፖሊ የምትማሩ ከሆነ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ለመማሪያ መጽሐፍ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት፤ ልብ ወለድ ያለበትን ክፍል ጠይቁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የመጽሐፍ ዕቁብ ነው። አምስት ጓደኛሞች ትሆናላችሁ። እያንዳንዳችሁ የተለያየ አንድ መጽሐፍ ትገዛላችሁ። በየወሩ መጨረሻ ትገናኙና ወደ ቀኝ ታስተላልፋላችሁ። በአንድ መጽሐፍ ዋጋ አምስት ወር ታነባላችሁ፤ አምስት ሰው ያነበበው መጽሐፍ ላይ የሚደረገው ክርክር ደግሞ ሌላ ደስታ ነው። ሁለት ሕግ ብቻ ያስፈልጋል። መጨረሻውን ቀድሞ የሚናገር ሰው ቡና ያፈላል፤ መጽሐፍ ያጠፋ ሰው ይተካል።

በአማርኛ ከምን ልጀምር?

ከሐይቁ ማዶ ጀምሩ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት ዘጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙትና በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው መጽሐፍ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ባለታሪኳ ማን ናት? ወጣት ልጅ። መንታ ወንድሟ ዋሕድ፣ አባታቸውን ከምርኮ ያስለቀቀውን ደግ ነጋዴ ሊፈልግ ወጥቶ ይቀራል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። እንግዲህ በአማርኛ የተጻፈው የመጀመሪያው ልብ ወለድ ራሱ የወጣት ጀብዱ ነው። ይህ ሁልጊዜ ያኮራኛል። አማርኛው ያረጀ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ቀስ ብላችሁ፣ ድምፅ እያወጣችሁ አንብቡ። ጆሯችሁ ሲለምደው ይፈስሳል። አጭር ስለሆነም ለጳጉሜ ይመቻል።

ቀጥሎ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»። በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው። ታሪኩ የኛው የጎጃም ነው፤ ንግግሩን ስታነቡ የአያቶቻችሁን ድምፅ ትሰማላችሁ። ብዙ ሰው የፍቅር ታሪክ መሆኑን ያውቃል። ፍቅሩ የተጀመረው በትምህርት መሆኑን ግን ይረሳል። ፊታውራሪ መሸሻ በዛብህን ያስመጡት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምርላቸው ነው። ፊደል ላይ ተጎንብሰው ነው የተዋደዱት። ጉዱ ካሳ ደግሞ ሁሉም ሰው «አበደ» የሚለው፣ እውነቱን ግን ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ጉዱ ካሳን ሳይወድ አይቀርም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታነቡ ከሆነ አንድ ምክር አለኝ። መጽሐፉ የሚጀምረው በበዛብህ እናትና አባት ታሪክ ነው። ሰብለ እስክትመጣ ታገሡ፤ ያ ክፍል በኋላ ለሚሆነው ሁሉ ያስፈልጋል።

ፍጥነት የምትወዱ ከሆነ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» አለላችሁ። በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙ ወጣት ወደ ንባብ ያመጣ የስለላ ታሪክ ነው፤ ጣናና ገዳማቱም ውስጡ አሉ። አንብቦ የማያውቅ ጓደኛ ካላችሁ እሱን ስጡት። ረቀቅ ያለ አጻጻፍ ስትፈልጉ ወደ አዳም ረታ «ግራጫ ቃጭሎች» ትመጣላችሁ። መዝገቡ የሚባል ልጅ አድጎ ሰው እስኪሆን የሚሄድበት መንገድ ነው። ቸኩላችሁ አትግቡበት፤ ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርሱ ይሻላል።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ የትኛውን ልሞክር?

የሎይስ ላውሪ «ዘ ጊቨር»። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ነው። ዐረፍተ ነገሩ አጭር፣ መጽሐፉም ቀጭን ነው። ባለታሪኩ ዮናስ ሁሉም ነገር የተስተካከለበት፣ ማንም ለራሱ የማይመርጥበት ከተማ ውስጥ የሚኖር የ12 ዓመት ልጅ ነው። ቀጥሎ የሱዛን ኮሊንስ «ዘ ሀንገር ጌምስ» ጥሩ ነው። የ16 ዓመቷ ካትኒስ በእህቷ ፈንታ ራሷን ለሞት ውድድር ታቀርባለች። ሁሉንም ነገር አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጋ ስለምትተርከው ሰዋስዉ አያስቸግርም።

ከዚያ በኋላ ግን ወደ አፍሪካ ኑ። የቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ «ፐርፕል ሂቢስከስ» ለኛ በጣም ቅርብ ነው። የ15 ዓመቷ ካምቢሊ ናይጄሪያ ውስጥ በጣም ሃይማኖተኛ በሆነ፣ በሚፈራ አባት ቤት ታድጋለች። ውጭ ሰው ሁሉ የሚያከብረው፣ ቤት ውስጥ ግን ልጆቹ በፍርሃት ዝም የሚሉለት አባት። ይህን ዝምታ የሚያውቅ አንባቢ እኛ ዘንድ ብዙ ነው። አስማትና ጦርነት የምትወዱ ደግሞ የቶሚ አዴየሚን «ችልድረን ኦቭ ብለድ ኤንድ ቦን» ያዙ። ከዮሩባ እምነት የተቀዳ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ለክረምት አስቀምጡት።

ስታነቡ ለእያንዳንዱ ቃል መዝገበ ቃላት አትክፈቱ። በእርሳስ አስምሩና እለፉ። ምዕራፉ ሲያልቅ ካሰመራችሁት ግማሹ ራሱ ገብቷችሁ ታገኙታላችሁ።

ጀምሬ ሳልጨርስ የምተወው መጽሐፍ በዛ። ምን ላድርግ?

ያልጣማችሁን ተዉት። 50 ገጽ አንብባችሁ ምንም ካልያዛችሁ ለሌላ ሰው ስጡት። ችግሩ ስልኩ ከሆነ ግን መጽሐፉ ላይ አትፍረዱ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡና አንድ ምዕራፍ ሞክሩ። ዓይናችሁ ከደከመ ማዳመጥም ንባብ ነው፤ ወላጆቻችን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምተው ነው የወደዱት። ዛሬ ደግሞ እንደ ተራኪ ያሉ የድምፅ መጽሐፍ መተግበሪያዎች አሉ። እንጀራ ስጋግር የማዳምጠው ታሪክ አይጠፋም።

ያነበብኩት ቶሎ ይጠፋብኛል። አንቺ እንዴት ትይዢዋለሽ?

አንድ ደብተር አለኝ። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ገጽ። ደስ ያለኝን ዐረፍተ ነገር፣ ያናደደኝን ገፀ ባሕሪና ለማን እንደምሰጠው እጽፋለሁ። ሦስተኛው ከሁሉም ይጠቅመኛል። «ይህን ለማን ልስጥ?» ብላችሁ ስታስቡ መጽሐፉ በደንብ ይገባችኋል።

እማዬና አባዬ «ልብ ወለድ ትተሽ ትምህርትሽን አጥኚ» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

መጀመሪያ ጭንቀታቸውን ተረዱላቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ቤቱን ሙሉ ያስጨንቃል። ልብ ወለዱን የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ደብቃችሁ አታንብቡ፤ ሲደረስባችሁ እምነት ይጠፋል። ይልቅ ሰዓት ተስማሙ። «ሥራዬን ስጨርስ ማታ ግማሽ ሰዓት አነባለሁ» በሏቸው፣ ቃላችሁንም ጠብቁ።

ሁለተኛ፣ አብራችሁ አንብቡ። ቡና ሲፈላ አንድ ምዕራፍ ጮክ ብላችሁ ለእናታችሁ አንብቡላቸው። ከሰብለና ከበዛብህ ታሪክ ጀምሩ። ብዙ እናቶች ታሪኩን ያውቁታልና እርማት ይሰጧችኋል፣ ቀጥሎ የሚሆነውንም ይነግሯችኋል። በማግስቱ «ዛሬ አታነቢም እንዴ?» የሚሉት እሳቸው ናቸው።

ለታናሽ እህቴ ወይም ወንድሜ የትኛው ይሆናል?

ቀድማችሁ ራሳችሁ አንብቡት፤ ሌላ መንገድ የለም። «ዘ ጊቨር» ከ12 ዓመት ጀምሮ ይሆናል፣ ግን ውስጡ የሚያሳዝን ሞት ስላለ ብቻቸውን አትተዉአቸው። «ዘ ሀንገር ጌምስ» ልጆች ልጆችን የሚገድሉበት ታሪክ ነው፤ 13 ወይም 14 ዓመት ይሙላቸው። «ፐርፕል ሂቢስከስ» ላይ አባት ሚስቱንና ልጆቹን ይመታል። ቤቱ ውስጥ ይህ ላለበት ልጅ ከባድም አስፈላጊም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ካወቃችሁ መጽሐፉን ሰጥታችሁ አትጥፉ፤ አጠገቡ ሁኑ።

በቴሌግራም የሚላከውን ፒዲኤፍ ባነብ ምን ችግር አለው?

እንደ መጽሐፉ ይለያያል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። አፈወርቅ ከሞቱ ከ50 ዓመት በላይ ስላለፈ «ጦቢያ»ን አውርዳችሁ ብታነቡ ማንንም አልበደላችሁም። በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፍ ግን ሳይፈቅድ ስካን ተደርጎ ሲበተን የዓመታት ልፋቱ ነው የሚወሰደው።

ገንዘብ እንደሌለ አውቃለሁ። መጽሐፍ ተወዷል፤ ተማሪ ከታክሲና ከምሳ ቆርጦ ነው የሚገዛው። ለዚህ ነው ኪራይንና ዕቁብን የማነሳው። አንድ መጽሐፍ ተገዝቶ ለአምስት ሰው ቢዞር ደራሲውም ያገኛል፣ አምስታችሁም ታነባላችሁ። ፋይሉ ለሺህ ሰው ሲበተን ግን የሚቀጥለውን መጽሐፍ የሚጽፍልን እናጣለን።

ሃያዎቹን አልፌያለሁ፤ አሁንም የወጣቶች ልብ ወለድ ባነብ ነውር ነው?

አይደለም። በ16 ዓመቴ ያነበብኩትን መጽሐፍ አሁን ሳነብ ያኔ የጠላኋት እናት ታሳዝነኛለች። መጽሐፉ ያው ነው፤ እኔ ነኝ የቆምኩበትን የቀየርኩት። መምህር፣ ታላቅ እህት ወይም ወላጅ ከሆናችሁ ደግሞ አብራችሁት የምትኖሩት ልጅ ምን እንደሚያስጨንቀው የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ መስኮት አላውቅም።

ጸሐፊው የሠራውን እያወቅሽ «ጦቢያ»ን እንዴት ትመክሪያለሽ?

ጥያቄው ትክክል ነው። አፈወርቅ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከወራሪው ጎን ቆመዋል፤ ጣሊያኖች «አፈ ቄሳር» የሚል ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል። ብዙ አርበኛ በወደቀበት ጎጃም ውስጥ ተቀምጦ ይህን አለማንሳት አይቻልም። መጽሐፉን የምሰጠው ሰው ሁሉ ይህን አውቆ እንዲያነብ እነግረዋለሁ።

ግን አንብቡ እላለሁ። የአማርኛ ልብ ወለድ ከየት እንደተነሳ ሳያውቁ ወደ ፊት መሄድ ያስቸግራል። ታሪኩ ውስጥ ራሱ የምንከራከርበት አለ፤ በተለይ ክርስቲያኑንና ሌላውን የሚያይበት ዓይን የዘመኑ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ጓደኛሞች አብረው ያነባሉ። ያ ክፍል ላይ ስትደርሱ አትዝለሉት። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት፤ የኛ ዕቁብ ውስጥ እስከ ዛሬ ረጅሙ ጨዋታ የተካሄደው እዚያ ክፍል ላይ ነው።

የባሕር ዳር ተማሪ ባለታሪክ የሆነበት ልብ ወለድ ለምን አትጠቁሚንም?

የምመኘውን ያህል ስላላገኘሁ ነው። ገዳማቱን፣ ሐይቁን፣ ዓባይን የሚያነሳ አይጠፋም። እኔ የምፈልገው ግን ሽምብጥ ወይም አባይ ማዶ ሰፈር የምትኖር፣ በባጃጅ ትምህርት ቤት የምትሄድ፣ ፈተና የሚያስፈራት፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ጓደኛዋን የምታጣ ልጅን ነው። ታንኳ ቀዛፊ አባት ያለው ልጅ ከጣና ደሴት ወደ ከተማ መጥቶ ቤት ተከራይቶ ሲማር እንዴት ይኖራል? ይህን አንብቤ መሳቅና ማልቀስ እፈልጋለሁ።

የምትጽፉ ካላችሁ በረጅም ልብ ወለድ አትጀምሩ። አምስት ገጽ አጭር ልብ ወለድ ጻፉ። ሰዎቻችሁ የሰፈራችሁን አማርኛ ይናገሩ፤ የአዲስ አበባ ልጅ አታስመስሏቸው። ከዚያ ለአንድ ጓደኛ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ የተሰላቸበትን ቦታ ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ፣ እዚያ ቁረጡ። ለኔም ብታመጡልኝ አነባለሁ። አስተያየቴን በእርሳስ ጠርዙ ላይ ጽፌ በሚቀጥለው ወር እመልስላችኋለሁ።